ሳል የገባበት ልምምድ

መሥሪያ ቤት ውስጥ መስመር ሰባት ይሏታል። ለከተማው ውሃ በሚያሰራጭ ድርጅት ቅሬታ መቀበያ ክፍል፣ ከተደረደሩት አሥር ስልኮች በሰባተኛው ላይ ከተቀመጠች ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። «መስመር ሰባት ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?» እያለች ስለኖረች ባልደረቦቿ ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውሱት የዓመት ፈቃድ ቅጽ ስትሞላ ብቻ ነው። ውሃ የጠፋበት ይደውላል፣ ቧንቧ የፈነዳበት ይደውላል፣ ውሃው ቀይ ሆኖ የመጣበት ይደውላል። ውሃ ስለመጣለት የደወለ ሰው ግን እስከዛሬ አልገጠማትም።

ሥራ ጨርሳ ስትወጣ የጆሮ ማዳመጫው ፀጉሯ ላይ ያሰመረው መስመር ቤቷ እስክትደርስ አይጠፋም። አውቶቡስ ውስጥ ከሬዲዮው የራቀ ወንበር ትፈልጋለች። ቤቷ ስትገባ የምትመኘው ነገር ቢኖር ማንም ሰው ምንም እንዳይላት ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ቤት ነው ቫዮሊን የገባው።

ያስገባው ባሏ ነው። ባሏ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አሥራ አምስት ቀን መንገድ ላይ፣ ሦስት ቀን ቤት። ከሦስቱ ቀኖች በአንዱ፣ የልጃቸው ትምህርት ቤት ቫዮሊን ለሚማሩ ልጆች መሣሪያ ያውሳል ሲሉ ሰማና ደስ ብሎት ሄዶ ፈረመ። በማግሥቱ መኪናውን አስነስቶ መንገዱን ቀጠለ። የፈረመው እሱ፣ የምታስፈጽመው እሷ። ውሉ ደግሞ አጭርና ግልጽ ነበር። ልጅቷ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ቤቷ ትለማመዳለች፣ ወላጅ በየቀኑ ደብተር ላይ ይፈርማል፣ ደቂቃው ከጎደለ መሣሪያው ተመልሶ ተራ ለሚጠብቅ ልጅ ይሰጣል።

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከቅጥነቷ የተነሳ አባቷ ጭራሮ ብሎ ሰይሟት ስሙ ተጣብቆባት ቀርቷል። ቫዮሊኑን የተቀበለች ቀን ሳጥኑን አቅፋው ነበር የተኛችው። ፍቅሩ ግን አንድ ሳምንት እንኳ አልቆየም።

ከመሣሪያው ጋር የመጣው ወረቀት «ወላጅ አጠገብ ተቀምጦ ይከታተል» ስለሚል፣ እናት ከሥራ እንደገባች ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ቫዮሊኑ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ይጮኻል። እያንዳንዱ ጩኸት ቀኑን ሙሉ የሰው ንዴት ሲንቆረቆርበት የዋለው ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ጥርሷን ያነዝራታል። ወረቀቱን በአንድ ዓይኗ እያየች ክርንሽን አንሺ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ቀስቱን አታጋድሚው ትላለች። ስለ ቫዮሊን የምታውቀው ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነበር። ጭራሮ ሁለት መስመር ትጫወትና «ስንት ቀረ?» ትላለች።

«አሥራ ስምንት።»

እንደገና ሁለት መስመር። «አሁንስ?»

«አሥራ ሰባት ተኩል።»

ያልተሞከረ ነገር የለም። ደብተር ላይ የሚለጠፍ ኮከብ ተገዛ፤ አንድ ሳምንት ሠራና ድምቀቱ አለቀ። ከልምምድ በኋላ ካርቱን ተፈቀደ፤ ልጅቷ ስለ ካርቱኑ እያሰበች ስትጫወት ቀስቱ ክሮቹን እየሳተ ባዶ አየር ላይ ሄደ። ቁጣም ተሞከረ። ባል ከመንገድ ሲደውል ጭራሮን አናግራት ትለዋለች፤ እሱ ግን «ጎበዝ! የአባቷ ልጅ!» ብሎ አሞጋግሶ ይዘጋዋል። አንድ ቀን ልጅቷ ቀስቱን ወርውራ አልጋ ሥር ገባችና አልወጣም አለች። እናት እጇን ሰድዳ ቁርጭምጭሚቷን ያዘቻት፤ ለመጎተት ግን አቅም አልነበራትም። እግሯን እንደያዘች ወለሉ ላይ ትንሽ ተቀመጠች።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ከነገ ጀምሮ አጠገብሽ አልቀመጥም። ክፍልሽ ግቢ፣ በሩን ዝጊ፤ እኔ ሃያ ደቂቃ ድምፁን ብቻ ልስማ።»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሰላም አገኘ።

በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የጭራሮ ክፍል በር ይዘጋል። እናት ወጥ ቤት ሆና ድንች ትልጣለች። ከበሩ ጀርባ ሦስቱ የትምህርት ቤት ዜማዎች በተርታ ይሰማሉ፤ እንከን ባያጣቸውም ልቅሶ የለባቸውም፣ «ስንት ቀረ» የለባቸውም። ሃያ ደቂቃው ሲሞላ በሩ ይከፈታል፣ ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች፣ እናት እጇን በፎጣ ጠርጋ ትፈርማለች። ለባልደረባዋ ለመስመር ስድስት ሳይቀር ነገረቻት፤ ልጅን ነፃነት ከሰጡት ራሱ ይሠራል አለቻት። መስመር ስድስት ሦስት ልጆች አሏትና ነገሩን አላመነችም።

አንድ ነገር ብቻ እናትን አሳሰባት። በሁለተኛው ዜማ መሐል ልጅቷ ታስላለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደረቅ ሳል። መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ በማርና በሎሚ አዘጋጀችላት። ሳሉ በማግሥቱም አለ፣ በሦስተኛውም ቀን አለ። የሳል ሽሮፕ ተገዛ። ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ነርስ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር የሚላቸው፣ ደረጃ ላይ አግኝተዋት የልጅሽ ሙዚቃ ተሻሽሏል፣ ሳሉን ግን አልወደድኩትም፣ ደረት ላይ እንዳይሆን አሉ። በዚህ ጊዜ እናት ደነገጠች። አለቃዋን ለምና የግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰደችና ልጅቷን ክሊኒክ አስመረመረቻት።

ሐኪሙ ደረቷን ከፊትም ከኋላም አዳመጠ። ንጹሕ ነው አለ። የሚያስላት መቼ እንደሆነ ሲጠይቅ እናት ቫዮሊን ስትጫወት ብቻ መሆኑን ነገረችው። ሐኪሙ ትንሽ አሰበና ምናልባት ቀስቱ ላይ የሚቀባው ሙጫ አቧራ ሳይሆን አይቀርም አለ። ጭራሮ አልጋው ላይ እግሯን እያወዛወዘች ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ነበር። እናት እሑድ ሙሉ የቫዮሊኑን ሳጥን በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል ዋለች።

ነገሩ የታወቀው በአንድ ማክሰኞ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት የክፍሉ ተቆጣጣሪ ጠርቷት፣ ከስልኳ ላይ የተቀዱ ስምንት ንግግሮች መርጦ እንድታዳምጥ አደረጋት። ሁሉም ላይ «ችግርዎ ይገባኛል» ትላለች። ከማለቷ በፊት ትተነፍሳለች፣ ከዚያ «ችግርዎ»ን አንሥታ «ይገባኛል»ን ታወርደዋለች። ስምንቱም ላይ ትንፋሹ አንድ፣ ማንሣቱ አንድ፣ ማውረዱ አንድ። ወጣቱ ተቆጣጣሪ ክፉ ሰው አይደለም፤ እየተሽኮረመመ፣ አንዳንድ ደንበኞች ያናገረን ሰው ነው ወይስ ማሽን ብለው ጠይቀዋል አላት። እሷም አልተከራከረችም። አስተካክላለሁ ብላ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ማታ ድንቹ ፊት ቆማ ሳለ ከበሩ ጀርባ ሁለተኛው ዜማ ተጀመረ። ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቷ ይስታል፤ ሳተ። ቀስቱ የሆነ ነገር ይመታና ቋ ይላል፤ ቋ አለ። እናት እጇ ወደ ማሩ ብርጭቆ ሲዘረጋ አገኘችው። ሳሉ ገና አልመጣም ነበር። እጇ በአየር ላይ እንዳለ ሳሉ መጣ። ቀጥሎ ወንበር ይንቋቋል አለች በልቧ። ተንቋቋ።

ክው ብላ ቀረች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰማችው በመሥሪያ ቤት ጆሮዋ፣ ሳታዳምጥ ነበር።

በሩን ስትከፍተው ጭራሮ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ ባለ ስድስት እግር ፈረስ ትስላለች። የአባቷ አሮጌ ስልክ የቫዮሊኑን ሳጥን ተደግፎ ሙዚቃውን ይጫወታል። ሳጥኑ ተዘግቷል። ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየች፣ ስልኩንም አየች፤ ስልኩን ለማጥፋት ስለረፈደባት እርሳሷን አስቀመጠች።

እናት ደሟ እስኪፈላ ጠበቀች። አልፈላም። ለመቆጣት እንኳ ጉልበት ይጠይቃልና፣ ሄዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱም ሦስተኛውን ዜማ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ቀን ተጫወትኩ። በሦስተኛው ቀን ቀዳሁት።»

«እሺ ሽሮፑን ለምን ጠጣሽ? ክሊኒክ ስወስድሽ እንኳ አፍሽን ሞልተሽ ዝም?»

ጭራሮ ፈረሱን ወደ ራሷ ሳበችው። «ሽሮፑን ስትሰጪኝ ግንባሬን ትዳብሺኛለሽ» አለች። ቀጥላም፣ የተከሰሰች ሰው ስለሆነች መከላከያዋን አቀረበች። «ድምፁን ብቻ ልስማ አልሽ እንጂ ተጫወቺ አላልሽም።»

እናትን መሳቅም ማልቀስም ቃጣትና ሁለቱም ሳይወጡላት ቀሩ። ድንቹ ሲያርር ሸተታትና ተነሣች። የዚያን ቀን ደብተሩ ላይ አልፈረመችም።

ቅዳሜ ትምህርት ቤት ሄደች። የሙዚቃ መምህሩ የመነጽራቸው አንድ ጆሮ በክር የታሰረ ሽማግሌ ናቸው፤ ክር የተበጠሰባቸው አራት ቫዮሊኖች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ይጠግናሉ። እናት ደብተሩን ፊታቸው አስቀምጣ፣ የሦስቱ ሳምንት ፊርማ ሐሰት መሆኑን፣ ልጅቷ ብትቀጣ እሷም አብራ መቀጣት እንዳለባት ነገረቻቸው። መምህሩ ከሥራቸው ቀና አላሉም።

ማወቅስ አውቀዋል። የሚለማመድ ልጅ የግራ እጁ ጣቶች ጫፍ ላይ ምልክት ያወጣል፤ የጭራሮ ጣት ግን እንደ ሕፃን ጣት ለስላሳ ነው አሉ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብትላቸው፣ አርባ ተማሪ እንዳላቸው፣ ግማሹ ደብተር ላይ ያለው ፊርማ እንደዚሁ እንደሆነ፣ ጭራሮ ግን አንድም ቀን ከክፍል እንዳልቀረች ነገሯት። ሃያ ደቂቃውንም ያወጣው የትምህርት ቤቱ ቢሮ እንጂ እሳቸው አይደሉም።

«የምትለማመደው የት ነው?» አሉ።

«ክፍሏ ውስጥ። በሩ ተዘግቶ።»

«እርስዎስ?»

«ወጥ ቤት።»

መምህሩ የቫዮሊኑን ክር ትርፍ በጉጠት ቆረጡት። «በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በር ዘግቶ ብቻውን የሚደሰትበት ነገር ስልክ ብቻ ነው» አሉ። «ቫዮሊኑን ከሳጥን ያውጡት። ከምድጃው ራቅ ያለ ቦታ፣ እጇ የሚደርስበት፣ ሚስማር ላይ ይሰቀል። ሰዓቱን ይተዉት። ክርኗንም ይተዉት፤ ክርን የእኔ ሥራ ነው።»

እናት እውነቱን ለመናገር ወሰነች። «መምህር፣ እኔ ማታ ማታ ጆሮ የለኝም። ልሰማት ብፈልግም አልችልም።»

መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ለእሷ ነግረዋታል?»

አልነገረቻትም ነበር።

ቫዮሊኑ በወጥ ቤቱና በመተላለፊያው መሐል ባለው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እሑድ አልተነካም። ሰኞ ጭራሮ ስታልፍ በጣቷ አንዱን ክር ድም አደረገችና ሄደች። ማክሰኞም አልተነካም። ተጫወቺ ማለት አሁን የእናት አፍ ላይ ደርሶ የሚመለስ ነገር ሆነ። ደብተሩ ላይ በሰኞ ቦታ «አንድ ድም» ብላ ጽፋ ፈረመች፣ በማክሰኞ ቦታ ዜሮ።

ረቡዕ አንድ ሰውዬ ምድር ቤቱ ውሃ ሞልቶበት ደወለና አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጮኸባት። «ችግርዎ ይገባኛል» ልትል አፏን ከፈተች፤ የተቆጣጣሪው ነገር ትዝ ብሏት ዘጋችው። ሌላ ቃል ፈልጋ ስታጣ ሰውዬው ዝምታዋን ንቀት አድርጎት ባሰበት። ቤቷ ስትገባ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች የወጥ ቤቱ ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች ጭራሮ በሩ ላይ ቆማ።

«ምንም» ማለት ልማዷ ነበር። ዛሬ ግን፣ «ጆሮዬ አልቋል» አለቻት። «ቀኑን ሙሉ ሰው ሲቆጣ ሰምቼ ነው የምመጣው። አንቺ ስትጫወቺ የምነጫነጨው አንቺን ጠልቼ አይደለም፤ ጆሮዬ ሞልቶ ነው። ዛሬ አንድ ሰውዬ በጣም ጮኸብኝ።»

ልጅቷ ይህን እንደ ትልቅ ዜና ተቀበለችው። «እንዴት አድርጎ ነው የጮኸው?»

እናት ልታሳያት ሞከረች፤ ድምፅ አልወጣላትም። ጭራሮ ዞር ብላ ቫዮሊኑን ከሚስማሩ አወረደችና በወፍራሙ ክር ላይ ቀስቱን ጎተተችው። «እንዲህ?»

«አይ። ይወፍራል፤ ግን ቶሎ ቶሎ ነው የሚናገረው።»

«እንዲህ?»

«እንደሱ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይወጣል፣ መልሺልኝ እንጂ ሲል።»

ልጅቷ ከታች ጀምራ ወደ ላይ ልታወጣው ብትሞክር ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ። አንዴ ደገመችው፣ አሁንም ደገመችው። እናት ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ «ከዚህ በላይ ነው የተናደደው፣ ምድር ቤቱ እኮ ሞልቷል» አለች። በስድስተኛው ጊዜ ሰውዬው መጣ፣ ቁርጥ እሱ። እናትን ሳቅ አፈናት።

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ዛሬ ምንም አላልኩትም። ሌላ ጊዜ፣ ችግርዎ ይገባኛል እላለሁ።»

ጭራሮ በቀጭኑ ክር ሁለት ድምፅ ፈለገች። አገኘቻቸውና ደጋገመቻቸው፤ ሰውዬው ሲጮህ ሁለቱ ድምፆች ይመልሳሉ፣ ሲጮህ ይመልሳሉ። «አንቺ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነሽ» አለች፣ በክፋት ሳይሆን የምትጫወተውን በመግለጽ። ነገሩ እናትን ወጋ አደረጋት፤ አልዋሸችም ግን።

በሩ ተንኳኳ። ሲስተር ነበሩ። ከላይ እንስሳ የገባ መስሏቸው እንደወጡ ተናገሩና ምን እየሆነ እንደሆነ ጠየቁ። ልምምድ ነው አለቻቸው እናት። ሲስተር ልጅቷንም ቫዮሊኑንም በትዝብት አይተው፣ ባለፈው ሳምንት የነበረው ይሻል ነበር ብለው ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ገነት ሆነ ማለት አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ የማይነካበት ጊዜ ነበር። እናት በሩን ስትከፍት «ዛሬ ጆሮ የለኝም» የምትልበት፣ ጭራሮ አኩርፋ ክፍሏ የምትገባበት ቀንም ነበር። ሌላ ቀን ግን ልጅቷ የዕለቱን ደዋዮች ዝርዝር ትጠይቃለች፤ እናትም ከአውቶቡስ ስትወርድ ከመሐላቸው አንዱን መርጣ ትመጣለች። ቀጭን ድምፅ ያላቸው አንዲት አዛውንት ነበሩ፤ ቅሬታቸው ሁሉ ጥያቄ ይመስላል። እሳቸውን ለማምጣት ትንሿ ጣት መዘርጋት አለባት፤ ጭራሮ ያንን አራት ምሽት ፈጀችበት። መምህሩ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ዘርጊው እያሉ ሲለምኗት የነበረው ጣት መሆኑ ኋላ ነው የታወቀው።

እናት ደብተሩ ላይ እውነቱን ትጽፋለች። ሦስት ደቂቃ። ዜሮ። አርባ ደቂቃ፣ ዝናብ ነበር። ቢሮው ይህን አይቶ ማስጠንቀቂያ ላከ፤ ደቂቃው ጎድሏልና መሣሪያው ይመለስ አለ። መምህሩ ሄደው ተነጋገሩና እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቆይ ተባለ። ከዚያ በኋላ ስላለው ማንም ምንም አላለም። ባል ደውሎ ይህን ሲሰማ ተቆጣ፤ ሃያ ሃያ ብለሽ ብትሞዪው ምን ነበረበት አላት። እሷም፣ ና አንተ ሙላው ብላ ስልኩን ለልጅቷ ሰጠቻት።

የዓመቱ መጨረሻ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ዓርብ፣ እናት ከሥራ ገብታ ሶፋው ላይ ጎኗን አሳረፈች። አንድ ጫማዋን አውልቃለች፣ አንዱን አላወለቀችም። ራት ገና አልተሠራም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ባለው ብርሃን ጭራሮ መተላለፊያው ላይ ቆማ ሁለተኛውን ዜማ ጀመረች፤ እውነተኛውን፣ የትምህርት ቤቱን። ሦስተኛው መስመር ላይ ሳተች። ቆመች። ከዚያው መስመር ጀመረች፣ አሁንም ሳተች። እንደገና።

እናት ዓይኗን ጨፍና ሰማቻት። ጎበዝ ልትላት ፈለገች፤ ምላሷ ከበዳት። በአንድ ዓይኗ አጮልቃ ብታይ ልጅቷ ወደ እሷ ፊቷን አላዞረችም። ግድግዳውን አፍጥጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ያንኑ አንድ መስመር ትመላለስበታለች። ጎበዝ መባልን የምትጠብቅ አትመስልም ነበር። በስንተኛው ጊዜ እንደተስተካከለላት እናት አታውቅም፤ ያን ጊዜ እንቅልፍ ይዟት ሄዶ ነበር።